የፊልሙ ደካማ ጎን

ልጄ አንድ የፊሊፒንስ ፊልም በስልኬ ላከችልኝና አይቼ ጠንካራና ደካማ ጎኑን ጽፌ እንድልክላት ጠየቀችኝ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ጻፊ ተብያለሁ። ስለ ፊልም ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ልጄ ዓረብ አገር፣ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ማደሪያዋን ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር ትጋራለች። የዚች ሴት የአጎት ልጅ ፊልሙ ሲሠራ መብራት ተሸክሞ ይቆም የነበረ ነው። ትልቅ ኩባንያ ያወጣው ፊልም አይደለም። ጓደኛሞች ተሰባስበው፣ ካሜራ ተውሰው፣ የገዛ ሰፈራቸውን ሰው ተዋናይ አድርገው የሠሩት ነው። ስለዚህ የሌላ አገር ሰው ምን እንደሚል መስማት ፈልገዋል። ልጄም "እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠንካራና ደካማ ጎን ስትጽፍ የኖረች ናት" ብላ ነገረቻት።

እውነቷን ነው። መቀሌ የመጣሁት ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የጽሕፈት መኪና ተምሬ፣ በጸሐፊነት ተመድቤ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ሥራ ሁሉ የሚያልቀው በግምገማ ነበር። ስብሰባው ይገመገማል፣ ሠራተኛው ይገመገማል፣ የችግኝ ተከላው ይገመገማል። አንድ ጊዜ የመስክ መኪናው ሾፌር የምሳ ሰዓት ራሱን ችሎ ተገምግሟል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን ከመሀል አጥፌ በአንድ በኩል ጠንካራ ጎን፣ በሌላው በኩል ደካማ ጎን እላለሁ። ጠንካራው ሁልጊዜ አጭር ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ልምዱ አልለቀቀኝም። አዲስ ድስት ስገዛ እንኳ በሐሳቤ ወረቀት አጥፋለሁ።

ስለ ልጄ አንድ ነገር አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የቀረው አይገባም። ልጄ የታጨች ነበረች። ሽማግሌ መጥቶ፣ ቀለበት ታስሮ፣ የሠርጉ ወር ተቆርጦ ሳለ ጦርነቱ መጣ። እጮኛዋ ወደ ጦርነቱ ሄደ። ጦርነቱ አለቀ፤ የሚመለሱት ተመለሱ፤ እሱ አልተመለሰም። ልጄ አንድ ዓመት ያህል ከጠበቀች በኋላ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ተነሣች። ቁሓ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ፣ "ወሬ ከተገኘ ንገሪኝ፣ በዚያው ቀን እመለሳለሁ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ከሄደች በኋላ መርዶው መጣ። በማለዳ ነበር። የእጮኛዋ እናት የሚኖሩት እዚሁ መቀሌ፣ ዓይደር ሰፈር ነው። ለኛ ለቅርቦቹ ቀደም ብሎ በሰው ተነግሮን ስለነበር ገና ጎሕ ሲቀድ ከደጃፋቸው ተሰብስበን ነበር። ሽማግሌዎቹ ገብተው አስቀመጧቸው። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ተቀመጡ። ከዚያ ነገሯቸው። ወጉ እንደዚህ ነው፤ መርዶ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። እኔም የአባቴን መሞት የሰማሁት ከተቀበሩ ከሁለት ወር በኋላ ነው። አራስ ነበርኩና አራስነቴ እስኪያልፍ ደበቁኝ። አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ እናቱ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። "ጓለይ አትስማ" አሉኝ። ልጄን 'ጓለይ'፣ ልጄ ማለት ነው፣ እያሉ ነው የሚጠሯት። "በስልክ መርዶ አይነገርም። ውሏን ስትጨርስ ትመጣለች። እዚሁ ቤት አስቀምጠን በወጉ እንነግራታለን።" ተስማማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎረቤቱም ዘመዱም አፉን ያዘ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ማንም ሰው ምክንያት አይጠይቅም።

የልጄ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። ከሰዓት በኋላ ትደውላለች። ስለ ሥራዋ ታወራለች፤ ስለ ጉልበቴ ትጠይቃለች፤ ልትዘጋ ስትል "ወሬ አለ?" ትለኛለች። "የለም" እላታለሁ። የመጀመሪያው ዓርብ ከብዶኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቃሉ እንደ ማንኛውም ቃል ሆነ። እንደ "ደህና ዋይ" ሆነ።

እንዲህ ሆኖ ስምንት ወር ሄደ። ፊልሙን የላከችልኝ ዓርብ፣ ቀለል አድርጋ፣ ውሉን ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ልትፈርም እንደሆነ ነገረችኝ።

"ለምን?" አልኳት።

"እሱ ሳይገኝ መቀሌ መጥቼ ምን እሠራለሁ? መጠበቁን እዚህም ሆኜ እጠብቃለሁ።"

ከዚያ ፊልሙን እንዳልረሳ አሳሰበችኝና "ወሬ አለ?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። ስልኩን አስቀመጥኩ። የተስማማነው ስትመጣ ልንነግራት ነበር። ካልመጣች ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መቶ ዓርብ፣ "የለም" ልል ነው። እሷም ለሞተ ሰው ዕድሜዋን ልታስቀምጥ ነው። የምትፈርመው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነበር።

በማግሥቱ ባጃጅ ይዤ ዓይደር ሄድኩ። ውሃ የመጣበት ቀን ስለነበር እናቱ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው በርሜል ይሞላሉ። እኔም ባልዲ አነሣሁ። እየቀዳን ነገርኳቸው።

"አትፈርምም" አሉ። "ታምሜያለሁ በሏትና ትምጣ።"

"ውሸት በውሸት ላይ?"

"የመጀመሪያው ውሸት አይደለም። ዝም ማለት ነው።"

"እርስዎ ዝም ብለዋል። ዓርብ ዓርብ 'የለም' የምለው እኔ ነኝ።"

ባልዲውን አስቀመጡ። "እና በስልክ ሊነግሯት ነው? ልጄ የጠፋ ላም ነው፣ ተገኘ አልተገኘ ተብሎ የሚደወልለት? ማን ይዟት? ስትወድቅ ማን ያነሣታል? ዓረቡ?"

ባልዲዬን ሞልቼ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩ። በርሜሉን ሞላን። ስወጣ ግን እስከ በሩ ሸኙኝና፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው፣ "ማን አጠገቧ እንዳለ ይጠይቋት እስቲ" አሉ። "ለማወቅ ያህል ነው። ሌላ እንዳይመስልዎ።"

በሚቀጥለው ዓርብ ጠየቅኳት። ክፍሏ ውስጥ ማን አብሯት እንዳለ፣ ከሥራ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ፣ ምግብ የምትቀምሰው ሥራ ከመግባቷ በፊት ይሁን በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ቋንቋ የሚያውቅ ሐበሻ መኖሩን።

"እማ፣ ምን ሆነሻል? ቆጠራ ጀመርሽ እንዴ?" ብላ ሳቀች።

መለሰችልኝ ግን። አብራት ያለችው ፊሊፒናዊቷ ብቻ ናት። ሁለት የኛ ልጆች ነበሩ፣ ወደ ሌላ ሆቴል ተዛወሩ። ስለዚህ ማንም የለም ማለት ነው ብዬ ነገሩን ተውኩት። ለእናቱም እንደዚያው ነገርኳቸው። "አላልኩዎትም?" አሉ።

ፊልሙን ያየሁት በዚያ ሳምንት ነው። በስልክ ስለሆነ ስዕሉ ትንሽ ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ቶሎ ቶሎ ያልፋል። እያቆምኩ፣ የማላውቀውን ቃል ከአሮጌ መዝገበ ቃላት እየፈለግኩ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ግማሹን ጎረቤቴ አብራኝ አይታዋለች። ጎረቤቴ የወሎ ሰው ናት፣ እንደኔ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ዝም ማለት አትችልበትም።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። ደሴት ላይ ባለች ትንሽ ከተማ አንዲት ልጅ የጀልባ ቲኬት ትሸጣለች። አንድ ወጣት የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ይዋደዳሉ። እሱ በጭነት መርከብ ተቀጥሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ድምፁን እየቀዳ ይልክላታል፤ እያደር ይቀንሳል፤ ከዚያ ይቆማል። የቀረው ፊልም እሷ ስትጠብቅ ነው።

ካሜራው ባሕሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ጎረቤቴ አንገቷን አስግጋ አየችው።

"እትዬ፣ ይሄ ፊልም ነው ወይስ ስልክዎ ቆሞ ነው?"

"አልቆመም። ውሃው ሲንቀሳቀስ አይታይሽም?"

"እሱማ የነሱ ስለሆነ ነው። የኛው የቧንቧ፣ የዓይናለም ውሃ ቢሆን መች ይንቀሳቀስ ነበር።"

ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ "አሁን ምን አለችው?" አለች።

"እወድሃለሁ።"

"ቅድምስ?"

"እወድሃለሁ።"

"ይሄ ሰውዬ ጆሮው አይሰማም እንዴ? ሕንዶቹ ቢሆኑ እስካሁን አራት ጊዜ ዘፍነው፣ ሁለቴ ተጣልተው፣ ልጅ ወልደው ነበር።"

ሁለተኛው ቀን ላይ የፊልሙ ልጅ ድምፁ መጥፋት ሲጀምር ጎረቤቴ ቀልዷን ተወች። እሷም የኛን ነገር ታውቃለች። "ለሱቁ ዕቃ ይመጣልኛል" ብላ ተነሣች። ዕቃ የሚመጣላት ቀን አልነበረም።

ቀሪውን ብቻዬን ጨረስኩትና ወረቀት አጠፍኩ።

ጠንካራ ጎን ላይ ከምጠብቀው በላይ ጻፍኩ። ልጅቷ ልብስ ስታጥብ የምታጥበው እንደሚታጠበው ነው። ትፈትጋለች፣ ትጨምቃለች፣ ወገቧን ትይዛለች። ፊቷ ላይ ቅባት የለም፤ ሲሞቃት ያልባታል። ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። ሰውን ግድ አልቅስ የሚል ዘፈን አልጨመሩበትም፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። የልጁ እናት ሆና የምትሠራዋ ሴትዮ ምንም የምትለው የላትም፤ ለቁርስ ሩዝ ታቀርባለች፣ የአንድ ሰው ድርሻ ታስቀራለች፣ ክዳኑን ትከድናለች። ስለሱ አንድም ቃል ሳይወጣት ይገባናል። ከጀርባ የሚታዩት ዓሣ ሻጮች እውነተኛ ሻጮች ናቸው። አንደኛዋ አንዴ ተሳስታ ወደ ካሜራው ታያለች። ይህን ጥፋት ብለው ቢቆርጡት ይችሉ ነበር። ባለመቁረጣቸው ወድጄዋለሁ።

ደካማ ጎኑም ቀላል አይደለም። ስዕሉ ብዙ ቦታ ላይ ጨለማ ነው። ማን እንደሚናገር ለማወቅ ስልኩን ወደ መስኮት ማዞር ነበረብኝ። ውጭ የሚያወሩት ንግግር በነፋስ ተበልቷል። ልጁ ከመጠን በላይ ጥሩ ሰው ነው፤ አይቆጣም፣ አይረሳም፣ አይዋሽም። ሞተር ሲጠግን ውሎ ጥፍሩ ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ መካኒክ መቀሌ ውስጥ አላየሁም፣ ፊሊፒንስም የሚኖር አይመስለኝም። "እወድሃለሁ" የሚለው ቃል በዝቶ ዋጋውን አጥቷል። ወደ መጨረሻው ደግሞ ጊታር የያዘ አስተማሪ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ገብቶ ልጅቷን ይወዳል፤ የሚወጣውም ያለ ምክንያት ነው። እሱ ባይኖር ፊልሙ አይጎድልበትም።

ከሁሉ ያልወደድኩት ግን መርዶውን ነው። ልጅቷ መስኮቷ ላይ ቲኬት እየሸጠች ነው። ሰው ተሰልፏል። ስልክ ይደወላል። ከመርከቡ መሥሪያ ቤት ነው። ቆማ ትሰማለች፣ ስልኩን ታስቀምጣለች፣ ለሚቀጥለው ሰው ቲኬት ትቆርጣለች። ከዚያ ለሌላው። ካሜራው አይነቃነቅም፤ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከዚህ በኋላ ጥቂት ነገር ታይቶ ፊልሙ ያልቃል።

ስለዚህ ትዕይንት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"መርዶው የተነገረበት መንገድ ትልቅ ጉድለት ነው። የደወለው ሰው አስቀድሞ ማን አጠገቧ እንዳለ አልጠየቀም። ከሥራ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ አልጠየቀም። እህል ቀምሳ እንደሆነ አላወቀም። ቋንቋዋን የሚያውቅ ወገን በቅርብ መኖሩን አላጣራም። ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው የሚነገረው። ፊልሙ ይህን እንደ ስሕተት አላየውም።"

እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያነበብኩት ለፊደል ስሕተት ነው። በጽሕፈት ሥራ የኖረ ሰው የገዛ ጽሑፉን ሲያነብ ፊደሉን እንጂ ነገሩን አያነብም፤ ነገሩ የአለቃ ጉዳይ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ ሐሙስ ላክሁላት።

ዓርብ ስትደውል እየሳቀች ነበር። ለጓደኛዋ ተርጉማላት የጥፍሩ ነገር አስቋታል። የአጎቷ ልጅ ሲሰማ ራሱን ይዞ "እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ ለካሜራ እንዲያምር ብዬ" ብሏል አሉ። አስተማሪው መውጣት እንዳለበት ሁላቸውም ተስማምተዋል።

"በአንዱ ግን አልተስማማንም" አለች። "የቲኬቱ መስኮት። እማ፣ የፊልሙ ጠንካራ ጎን እኮ እሱ ነው! እዚያ ላይ ስንደርስ እኛ አለቀስን።"

"ማልቀሳችሁ ልክ አያደርገውም።"

"ምን ማድረግ ነበረባቸው?"

"መጠበቅ። ሰው መሰብሰብ።"

"ትልቅ ሴት ናት እኮ። የራሷን ነገር የማወቅ መብት የላትም?"

"መብት ሌላ፣ ወግ ሌላ።"

"ቆይ ላንብብልሽ የጻፍሽውን" አለችና ማንበብ ጀመረች። ቀስ ብላ ነው የምታነበው፣ ለማሾፍ ድምፅዋን እንደ ስብሰባ ሰው አወፍራ። ማን አጠገቧ እንዳለ አልጠየቀም። ከሥራ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ አልጠየቀም። እህል ቀምሳ እንደሆነ አላወቀም። እዚህ ላይ ድምፅዋ ወደ ራሷ ድምፅ ተመለሰ። አራተኛውን አላነበበችም።

"እማ" አለች።

"አቤት።"

"ባለፈው ዓርብ እነዚህን ጠይቀሽኛል። አራቱንም። በዚሁ ቅደም ተከተል።"

 ማስተባበል እችል ነበር ብዬ በኋላ አስቤያለሁ። በዚያን ሰዓት ግን የሚመጣልኝ ቃል "የለም" ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ አይሆንም።

"ሞቷል?" አለችኝ።

"አዎ።"

በስልኩ ውስጥ የቬንትሌተሩ ድምፅ ይሰማ ነበር።

"ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ስምንት ወር አልፎታል።"

"እናቱ?"

"ያውቃሉ። ሁሉም ሰው ያውቃል።"

"ሁሉም ሰው" አለች። ቁጣ አልነበረበትም። እንደ ሰማችው መልሳ አለችው። ከዚያ "አንድ ጊዜ ቆዪ" ብላ ስልኩን አስቀመጠች። በእንግሊዝኛ ጓደኛዋን ጠራቻት። አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ተመልሳ አነሣችው።

"አጠገቤ ተቀምጣለች" አለችኝ። "ዛሬ ሥራ የለኝም። ምሳ በልቻለሁ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የለም፣ እሱ ይቅር። አሁን በወጉ ንገሪኝ።"

ሽማግሌዎቹ ለእናቱ የነገሯቸውን ቃል በቃል ነገርኳት። ቃለ ጉባኤ መያዝ ለዚህ ይጠቅማል፤ የተባለው አይጠፋብኝም። ስለ ቦታውና ስለ ቀኑ ያልተነገረንን አልጨመርኩም። ስጨርስ "ይኸው ነው" አልኳት። ልጄ "እሺ" አለች። ያለቀሰችው አንድም ቃል ያልገባት ጓደኛዋ ናት። ድምፅዋ በስልኩ ውስጥ ይመጣ ነበር። እኔና ልጄ ስታለቅስ እናዳምጣት ነበር።

ጎረቤቴን ጠራኋት። በሩ ላይ ቆማ ፊቴን አየችና "ነገሯት?" አለች። ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ አልጠየቀችም። ሱቋን ዘግታ፣ ሰው ልካ፣ ወንበር ከየቤቱ አሰባሰበች። ሳይመሽ ቤቴ ሞላ። ለቅሶው ዓይደር ያለቀ ለቅሶ ነው፤ ልጄ ግን ገና ዛሬ መስማቷ ስለሆነ ሰዉ እንደ አዲስ መጣ።

አስቸጋሪው የሚቀመጡበት ነገር ነበር። ሐዘንተኛዋ ስልክ ውስጥ ናት። የስልኬ ባትሪ አርጅቷል፣ ከግድግዳው ካልተሰካ አይቆይም። ስለዚህ ስልኩን ትራስ ባለው ወንበር ላይ፣ ግድግዳው ሥር፣ መሰኪያው አጠገብ አስቀመጥነው። ቀደም ብለው በር በሩን ይዘው የተቀመጡት ሁሉ ተነሥተው ወንበራቸውን አዞሩ። የሚመጣው ሰው አንድ በአንድ ጎንበስ እያለ ወደ ስልኩ "ጽንዓት ይሃብኪ ጓለይ" ይላል፣ ጽናቱን ይስጥሽ ነው። እሷም ከውስጥ "አሜን" ትላለች። አንድ አዛውንት አገሩ ሩቅ መሆኑን ስለሚያውቁ በጣም ጮኸው ተናገሩ።

"በቀስታ ይሰማል፣ አባቴ" አለቻቸው ጎረቤቴ።

"ባሕር ማዶ አይደለችም እንዴ?"

"ባሕር ማዶ ናት። ጆሮዋ ግን እዚሁ ወንበሩ ላይ ነው።"

ሁለት ሦስት ሰው ፈገግ አለ። ልጄም ሰምታ ትንሽ ሳቅ ያለች መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

እናቱ ከዓይደር ሲመጡ በሩ ላይ ሰላም አላሉኝም። "አደረጉት" ብቻ አሉኝ።

"በወረቀት አወቀችብኝ" አልኳቸው።

የምን ወረቀት እንደሆነ አልጠየቁም፣ እኔም አላስረዳሁም። ወንበሩ ፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ስልኩን ከትራሱ አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ገመዱ አጭር ስለነበረ ወደ ግድግዳው መጠጋት ነበረባቸው።    ቆይተው "ሠርጉ ላይ የምለብሰውን ቀሚስ ለማንም አልሰጠሁትም" አሏት። "ኣደይ፣ ይስጡት" አለቻቸው፤ እናቴ ማለቷ ነው። "እሺ" አሉ። ሌላ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ስልኩ ፀሐይ እስክትገባ ሳይዘጋ ቆየ።

ከዚህ በኋላ የምትፈርምበትን የወር መጨረሻ እጠብቅ ነበር። ከሰማች ትመጣለች ብዬ አስቤ ነበር። የሚያስጠብቃት ነገር ስለሌለ አገሯ ትገባለች፣ ሰው ታያለች፣ ቤቱ ሰው ይኖርበታል ብዬ። የመኝታ ቤቷን መጋረጃ አውርጄ አጠብኩት።

ፈረመች። ለሁለት ዓመት።

"ለምን?" ስላት፣ "እማ፣ መጥቼ ምን አደርጋለሁ? ለቅሶውንም አለቀስነው" አለችኝ። ድምፅዋ ደህና ነበር።

ለእናቱ ስነግራቸው ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም። "በስልክ ስለነገሯት ነው" አሉ። "እዚህ የሚያመጣት አንድ ነገር ነበር፣ እሱን በስልክ ላኩላት።" ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ለሁለት ቀን አስቤበት ወረቀት አጠፍኩና በሁለቱም በኩል የምጽፈው አጣሁ፤ ወረቀቱን መልሼ ዘረጋሁት።

አሁን እናቱ ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ በባጃጅ እየመጡ ቤቴ ይቀመጣሉ። ከባጃጁ የሚወርዱት ጉልበታቸውን ይዘው ነው፤ ቅሬታቸውን ግን በቃል አይደግሙትም። ስልኩ ሲጮህ ቀድመው የሚያነሡት እሳቸው ናቸው። ስለሱ አያወሩም። ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ዓይደር መንገድ መቆፈር ይነግሯታል። እሷም ስለ አንሶላ ብዛት፣ ስለ ሙቀቱ ትነግራቸዋለች። ረጅም ያወራሉ። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ያቀብሉኛል። ተራዬ ሲደርስ ግን የሚቀረን ነገር ብዙ አይደለም።